ፍሬቻው ሲዘገይ የሚናገረው አለው

ምሽት ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የተሠራ አንድ ቮልስ ወደ ግራ ለመታጠፍ ቆሟል እንበል። ሹፌሩ የፍሬቻውን ዘንግ ወደ ታች ተጭኗል፤ ከመሪው ፊት ያለችው ትንሽዬ መብራትም በርታለች። ነገር ግን አትርገበገብም። ከኋላ የሚመጣው ሰው የሚያየው ደብዘዝ ያለ፣ ሳይንቀሳቀስ የቆመ ብርሃን ብቻ ነው። መኪናው ሊታጠፍ ይሁን ሊቆም፣ ወይስ መብራቱ ተረስቶ በርቶ የቀረ ይሁን፣ ሊለይ አይችልም። መኪናው የስልሳ ዓመት ባለዕድሜ ነው፤ መንገዱና ከኋላ የሚከተለው አሽከርካሪ ግን የዛሬ ናቸው።

በማግስቱ ለዚህ ችግር የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፦ «ፍላሸሩን ቀይረው።» ዕቃው በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ለመለወጥም ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። አዲሱ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ሲሰካ ፍሬቻው እንደ አዲስ መኪና መምታት ይጀምራል። ባለቤቱ ይደሰታል፤ ኮፈኑ ይዘጋል፤ ጉዳዩም ያለቀ ይመስላል።

ይህ ምክር ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ከሁሉ ቀድሞ ሲሰጥ ግን ስሕተት ነው። በቆየ መኪና ላይ የሚዘገይ ወይም ጨርሶ የሚቆም ፍሬቻ በአብዛኛው የሕመም ምልክት እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም። ምልክቱን አጥፍቶ ሕመሙን ባለበት መተው ደግሞ ጥገና ሊባል አይገባውም።

ከቀስት ወደ ብልጭታ

ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። «ፍሬቻ» በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎማና ካንዴላ በመጡበት መንገድ ገብቶ አማርኛ ሆኖ ቀርቷል። ቀስት መባሉም ያለምክንያት አይደለም። የቀድሞዎቹ የአውሮፓ መኪኖች የመታጠፊያ ምልክት የሚርገበገብ መብራት ሳይሆን፣ ከመኪናው ጎን እንደ ክንፍ ብቅ የሚል፣ በውስጡ አምፖል የያዘ ጠቋሚ ክንድ ነበር። ቮልስዋገን ለአሜሪካ ገበያ ይህን ክንድ በሚርገበገብ መብራት የተካው በ1955 ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች በሚሸጡት ላይ ክንዱ እስከ 1960 ቆይቷል። በአሜሪካ ደግሞ ቡይክ በ1939 ሞዴሎቹ ላይ ከኋላ የሚርገበገብ ምልክት አቅርቦ ነበር።

ከክንዱ ወደ ብልጭታው የተደረገው ሽግግር አንድ አዲስ ጥያቄ አስከተለ፦ መብራቱን በየጊዜው ማን ያብራው፣ ማንስ ያጥፋው? ትራንዚስተር በመኪና ውስጥ ባልተለመደበት በዚያ ዘመን መልሱ ሙቀት ሆነ።

የድሮው ፍላሸር በመዳፍ ውስጥ የምትጠፋ ትንሽ የቆርቆሮ ጣሳ ናት። በውስጧ ስስ የብረት ቅጠል አለ፤ በብዙዎቹ ላይ ይህ ቅጠል ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ነው። ወደ አምፖሎቹ የሚሄደው ኤሌክትሪክ በቅጠሉ ወይም በተጠመጠመበት ቀጭን ሽቦ በኩል ሲያልፍ ያሞቀዋል። ሁለቱ ብረቶች በሙቀት የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ ቅጠሉ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ መብራቱም ይጠፋል። ቅጠሉ ሲቀዘቅዝ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ መብራቱ እንደገና ይበራል። ከዳሽቦርዱ ሥር የሚሰማው ያ የታወቀ «ጠቅ፣ ጠቅ» ድምፅ ይኸው የብረት መጎበጥና መመለስ ነው።

ዋናው ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉን የሚያሞቀው አምፖሎቹ የሚስቡት ፍሰት ራሱ ነው። በ12 ቮልት መኪና ላይ ከፊትና ከኋላ ያሉት ሁለት ባለ21 ዋት አምፖሎች በድምሩ 3.5 አምፔር ይስባሉ። አንዱ ሲቃጠል ፍሰቱ በግማሽ ይወርዳል። ቅጠሉም የሚፈልገውን ሙቀት ስለማያገኝ የፍሬቻው ምት ይለወጣል፤ በብዙዎቹ ላይ ሳይርገበገብ በርቶ ይቀራል። ኮምፒዩተር የለም፤ ሴንሰር የለም። ሆኖም ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ ከኋላው አንድ አምፖል እንደተቃጠለ ያውቃል። ይህች ትንሽ ጣሳ ሰዓትም ተቆጣጣሪም ናት ማለት ነው።

የምቱ ቁጥርም ለጌጥ አልተወሰነም። ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ ፌዴራል የመኪና መብራት ደንብ፣ በተለምዶ «ቁጥር 108» የሚባለው፣ ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ እንዲመታ ይፈልጋል። የሜሪላንድ ሕግ አሽከርካሪው ከመታጠፉ በፊት ቢያንስ ለ100 ጫማ፣ ማለትም ለ30 ሜትር ያህል፣ ምልክት እንዲያሳይ ያዛል። በሰዓት 25 ማይል፣ ይኸውም 40 ኪሎ ሜትር፣ የሚሄድ መኪና ይህን ርቀት በ2.7 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። በደቂቃ 90 ጊዜ የሚመታ ፍሬቻ በዚህ ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ ብልጭ ይላል። ደክሞ በደቂቃ 30 ጊዜ የሚመታው ግን አንዴ ብልጭ ብሎ ሁለተኛውን ሳይጨርስ መኪናው መታጠፊያው ላይ ይደርሳል። ከኋላ ያለው ሰው ያቺን አንዷን ብልጭታ ካላያት ምንም አላየም።

የስድስት ቮልት ሒሳብ

ፍሬቻ ለምን ይደክማል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በሽቦዎቹ መገናኛ ላይ ነው። የዛገ የአምፖል መያዣ፣ የላላ ብሎን፣ ቀለም የገባበት ግራውንድ፣ የጠቆረ የፊውዝ ጫፍ፤ እያንዳንዳቸው በኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ የተጋረጡ ትንንሽ እንቅፋቶች ናቸው።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በመንገዱ ላይ ያለው እንቅፋት ሁሉ ተደምሮ 0.1 ኦም ብቻ ነው እንበል። በ12 ቮልት መኪና ላይ 3.5 አምፔር ሲያልፍ የሚባክነው 0.35 ቮልት ነው፤ ከመቶ ሦስት ያህል ማለት ነው። በ6 ቮልት መኪና ላይ ግን ያንኑ 21 ዋት ለማግኘት ፍሰቱ በእጥፍ ማደግ፣ ማለትም 7 አምፔር መሆን አለበት። ስለዚህ የሚባክነው 0.7 ቮልት ይሆናል፤ ይህም ከስድስቱ ቮልት ከመቶ አሥራ ሁለት ያህሉ ነው። እንቅፋቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ጉዳቱ አራት እጥፍ ሆነ። የአምፖል ብርሃን ደግሞ ቮልቴጁ ከሚቀንሰው በጣም በፈጠነ መጠን ይቀንሳል። በመጀመሪያው መኪና ላይ የሚጠፋው ብርሃን ከአሥር አንድ ገደማ ሲሆን በሁለተኛው ላይ ሲሶው ያህል ይጠፋል። የፍላሸሩ ቅጠልም ከብርሃኑ ጋር ሙቀቱን ያጣል።

አብዛኞቹ የአሜሪካ አምራቾች ከ6 ወደ 12 ቮልት የተሻገሩት በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ቮልስዋገን ግን ወደ አሜሪካ በሚልካቸው ቢትሎች ላይ ለውጡን ያደረገው በ1967 ሞዴል ነው። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው የ1965 ቮልስ እንግዲህ ባለ6 ቮልት ነው። በምሽት፣ የፊት መብራቱ በርቶ፣ እግር ፍሬን ላይ ተጭኖ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ በቆመበት ጊዜ የዚያ ዘመን ዲናሞ የሚያመነጨው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጭነቱ ሁሉ ባትሪው ላይ ይወድቃል። ፍሬቻው መስቀለኛው ላይ ቆሞ መኪናው ሲንቀሳቀስ የሚመታ ከሆነ፣ ችግሩ ከፍላሸሩ ይልቅ እዚህ እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ የአየሩ ጠባይ ይጨመርበታል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ክረምት ሲመጣ መንገዱ ላይ ጨው ይፈሳል፤ በጋው ደግሞ እርጥበታማ ነው። ጨውና እርጥበት ተባብረው ከመኪናው ሥር ገብተው የሚበሉት መጀመሪያ ግራውንዱን ነው። በአብዛኞቹ የቆዩ መኪኖች ላይ ኤሌክትሪኩ ከአምፖሉ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በተለየ ሽቦ ሳይሆን በመኪናው አካል በኩል ነው። አካሉ ሲዝግ የመመለሻው መንገድ ይጠብባል። አዲስ ቀለም የተቀባ መኪናም ከዚህ አያመልጥም፤ ከመብራቱ ሥር የገባ ያማረ ቀለም ለኤሌክትሪክ እንደ ግድግዳ ነው።

ቅደም ተከተሉ

ስለዚህ ትክክለኛው ጥገና የሚጀምረው በመግዛት ሳይሆን በመለካት ነው። የሚያስፈልገው አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ሜትር ያህል ሽቦ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ነው።

በመጀመሪያ ባትሪው ይለካል። ሞተሩ ጠፍቶ ባለ6 ቮልት ባትሪ 6.3 ያህል፣ ባለ12 ቮልት ደግሞ 12.6 ያህል ማሳየት አለበት። ሞተሩ ተነሥቶ ሲፈጥን የመጀመሪያው ከ7 በላይ፣ ሁለተኛው ወደ 14 ሊጠጋ ይገባል። ካልሆነ የፍሬቻው ነገር ቆይቶ፣ ዲናሞውና መቆጣጠሪያው ይታዩ።

ቀጥሎ አምፖሎቹ ተነቅለው ቁጥራቸው ይነበባል። በአሜሪካ መኪኖች ላይ የተለመዱት ባለሁለት ክር አምፖሎች 1154 እና 1157 ናቸው። የመጀመሪያው የ6 ቮልት፣ ሁለተኛው የ12 ቮልት ነው። እግራቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ አንዱ በሌላው መያዣ ውስጥ ያለችግር ይገባል። በ6 ቮልት መኪና ላይ የገባ 1157 ደብዝዞ ይበራል፤ ፍላሸሩንም አያሞቅም። አንዲት ቁጥር አለማንበብ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ፍለጋ ታመጣለች።

ሦስተኛው የግራውንድ ፍተሻ ነው። ሽቦው ከባትሪው የግራውንድ ጫፍ ተነሥቶ በቀጥታ በአምፖሉ መያዣ ቅርፊት ላይ ይነካል። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ከደመቀና ምቱ ከተስተካከለ በሽታው ተገኘ ማለት ነው። መድኃኒቱም ብሎኑን ፈትቶ ዝገቱንና ቀለሙን ፍቆ መልሶ ማጥበቅ ነው። በመልቲሜትር ሲሆን ደግሞ መብራቱ በርቶ ሳለ በመያዣው ቅርፊትና በባትሪው የግራውንድ ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት ይለካል፤ ከ0.1 ወይም 0.2 ቮልት በላይ ከሆነ መንገዱ ጠቧል።

አራተኛ የፊውዙ ጫፎች፣ የዘንጉ ማብሪያና የሽቦ መገናኛዎቹ በዚሁ መንገድ ይፈተሻሉ። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ፍሬቻው አሁንም ካልመታ፣ ያን ጊዜ ፍላሸሩ ይለወጥ። ቅጠሉም ከብዙ ዓመታት መጎበጥ በኋላ ይደክማል፤ ዕድሜ የማይነካው ዕቃ የለም።

አዲሱን መጥላት አይደለም

ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር የሚከበር ፈጠራ ነው። ምቱ በቮልቴጅና በአየር ሙቀት አይዋዥቅም፤ ኤል ኢ ዲ አምፖልም ከድሮው በጣም ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበላል። ደካማ ዲናሞ ላለው ባለ6 ቮልት መኪና ይህ እፎይታ ነው። በየቀኑ በቤልትዌይ ላይ፣ በዉድሮ ዊልሰን ድልድይ በኩል ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድሪያ የሚመላለስ ሰው ደማቅ ምልክት ቢመርጥ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ለዕይታ ብቻ የሚቀመጥ መኪና አንድ ነገር ነው፤ ልጆችን ጭኖ አውራ ጎዳና ላይ የሚወጣ መኪና ሌላ ነው።

ነገር ግን የሚለወጠው ታውቆ ይለወጥ። አንደኛ፣ ብዙ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸሮች ምታቸው ከአምፖሎቹ ጭነት ጋር አልተያያዘም፤ አምፖል ቢቃጠልም እንደወትሮው ይመታሉ። ሰዓቱ ተሻሻለ፤ ተቆጣጣሪው ግን ከሥራ ተሰናበተ። ሁለተኛ፣ በቆዩ የእንግሊዝ መኪኖችና በባለ6 ቮልት ፎርዶች ላይ ከአካሉ ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ይህን ሳያጣሩ የሰኩት ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ላይሠራ ወይም ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ሦስተኛ፣ ለግራና ለቀኝ አንድ ጠቋሚ መብራት ብቻ ባላቸው መኪኖች ላይ ኤል ኢ ዲ ሲገባ ኤሌክትሪኩ በዚያች መብራት በኩል ወደ ሌላው ጎን ይሻገርና አራቱም ማዕዘን ባንድነት ሊርገበገብ ይችላል። ወደ ግራ እታጠፋለሁ ያለ ሹፌር ሳያውቀው የአደጋ ምልክት እያሳየ ነው ማለት ነው።

የድሮውን ፍላሸር ለማታለል ከኤል ኢ ዲ ጎን የሚታሰረው የጭነት ሬዚስተርም የራሱ ዋጋ አለው። የተለመደው ባለ6 ኦም ሬዚስተር በ12 ቮልት ላይ ፍሬቻው በበራ ቁጥር 24 ዋት ሙቀት ይተፋል። ከፕላስቲክ ወይም ከሽቦ ጋር ከተጠጋ ያቃጥላል። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ኤል ኢ ዲ ገዝቶ የተቆጠበውን መልሶ ወደ ከንቱ ሙቀት መለወጥ እንግዳ ሒሳብ ነው። አማርኛ ለዚህ ሁሉ የቆየ ቃል አለው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ተቆጣጣሪ በሌለበት

ጉዳዩን ከትርፍ ጊዜ ጨዋታ በላይ የሚያደርገው ሕጉ ነው። በአሌክሳንድሪያ፣ እንደ ቨርጂኒያ ሁሉ፣ ተራ መኪና በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አለበት። 25 ዓመት የሞላውና በ«አንቲክ» ሰሌዳ የተመዘገበ መኪና ግን ከዚህ ምርመራ ነጻ ነው። ሕጉ ባለቤቱን አምኖ መኪናው ለመንገድ ብቁ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ትቶለታል። በወንዙ ማዶ ያለችው ሜሪላንድ ደግሞ የደኅንነት ምርመራ የምትጠይቀው ያገለገለ መኪና ሲሸጥ እንጂ በየዓመቱ አይደለም።

ይህ እምነት መልካም ነው፤ ባይኖር ብዙ የቆዩ መኪኖች ከመንገድ በጠፉ ነበር። ነገር ግን ኃላፊነትም አለው። የመንግሥት መርማሪ በማያየው መኪና ላይ «አምፖልህ ተቃጥሏል፣ ግራውንድህ ዝጓል» ብሎ የሚናገር አንድ ተቆጣጣሪ ቢኖር ያቺ ትንሽ ጣሳ ናት። እርሷንም ዝም ካሰኟት በኋላ ባለቤቱ ራሱ በየሳምንቱ መኪናውን ዞሮ መብራቶቹን ካላየ፣ የሚያይለት ከኋላው ያለው አሽከርካሪ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ፍሬቻው መንገድ ላይ ቢቆም መፍትሔ አለ፦ የሁለቱም ግዛቶች ሕግ የእጅ ምልክትን ይቀበላል። የግራ ክንድ በመስኮት ወጥቶ ቀጥ ሲል ወደ ግራ፣ ከክርኑ ወደ ላይ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ ማለት ነው። ወጣት አሽከርካሪዎች ይህን ሊዘነጉት ስለሚችሉ፣ በተለይ በጨለማ፣ ብቻውን የሚታመን አይደለም።

ዕውቀቱ የት ይቀመጣል?

ቢትል ማምረት በሜክሲኮ ፑዌብላ ያበቃው በሐምሌ 2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ከ21.5 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ከእነዚህ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ይታያሉ። ለዚህ ያበቃቸው የፋብሪካው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። አዲስ ዕቃ እንደልብ በማይገኝበት ከተማ መካኒኮች ከመለወጥ በፊት መፈተሽን፣ ከመጣል በፊት መጠገንን ልማድ ስላደረጉም ነው። እጥረት ያስተማረው ይህ ጥበብ፣ ዕቃ በአንድ ቀን በር ላይ በሚደርስበት በዋሽንግተን አካባቢ በቀላሉ ይዘነጋል። ለመለወጥ የሚወስደው ጊዜ ለማሰብ ከሚወስደው ሲያንስ ሰው ማሰቡን ይተዋል።

ጥበቡ ደግሞ በአብዛኛው አልተጻፈም፤ ከመካኒክ ወደ ረዳት በአፍና በእጅ የሚተላለፍ ነው። አባት «ፍሬቻ» ሲል አሜሪካ የተወለደው ልጅ «ብሊንከር» ይላል። የቃሉ መለያየት ብቻውን ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ከቃሉ ጋር «መጀመሪያ ግራውንዱን እየው» የሚለው ምክርም ሲቀር ነው። በኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 ከተከለከለ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ከበፊቱም የበለጠ ዕድሜያቸው እንዲራዘም ይፈለጋል። የጥገና ዕውቀት በአማርኛ ተጽፎ፣ በሥዕልና በቪዲዮ ተደግፎ ቢቀመጥ የሚጠቀመው በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የቮልስ አፍቃሪ ብቻ አይሆንም።

ለመጀመር ትልቅ ተቋም አያስፈልግም። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ የቆየ መኪና፣ አንድ መልቲሜትር፣ እጁ የሠለጠነ አንድ አዋቂና «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ልጅ ይበቃሉ። ልጁ ከኋላ ቆሞ መብራቱን ይመልከት፤ አዋቂው ሽቦውን ግራውንዱ ላይ ይንካ። ብርሃኑ ድንገት ሲደምቅና ፍሬቻው ምቱን ሲያገኝ፣ በመጽሐፍ ላይ ያለው የኦም ሕግ ከዚያ ወዲያ ለልጁ ቀመር ብቻ አይሆንም። የድሮው ፍላሸርም ሳይለወጥ ሥራውን ይቀጥላል።